ካሜራው ያመጣው ሞገድ

ምስጋናው ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ፎቶ የመጋረጃውን ሞገድ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደመስሰው፣ ሞገዱ ከመስኮቱ በስተቀኝ ብቅ አለ። ምስሉን አሳነሰው፤ ሞገዱ ሰፋ። አሳደገው፤ ጠፋ። መልሶ ሲያሳንሰው አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ጨምሮ መጣ።

«ይኼ ነገር ነፍስ አለው እንዴ?» አሉ ከኋላው የደንበኛ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ደምለው።

ጋሽ ደምለው ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸውን ሊያከራዩ ነው። ድሮ በር ላይ ወረቀት መለጠፍ ይበቃ ነበር፤ የዛሬ ተከራይ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ «ፎቶ ላኩልኝ» ይላል። ስለዚህ ምስጋናው ትናንት ሄዶ ዐሥራ ሁለት ፎቶ አነሣ። እሱም ቢሆን ከሠርግ ድንኳን መገላገል ይፈልግ ነበር። «የቤት ውስጥ ፎቶግራፍ ባለሙያ» የሚል ጽሑፍ በፎቶ ቤቱ በር ላይ ከለጠፈ ሁለት ወሩ ነው፤ ጽሑፉን አምነው የገቡት የመጀመሪያ ሰው ጋሽ ደምለው ናቸው።

«ሞሬ ይባላል ጋሼ» አለ ምስጋናው፣ ኢንተርኔት ላይ የተማረውን ለማካፈል አጋጣሚ በማግኘቱ ደስ ብሎት። «የመጋረጃው ሽመና ደቃቅ ነው፤ የካሜራውም ውስጥ እንደ ወንፊት ደቃቅ ነው። ወንፊት በወንፊት ላይ ሲደረብ ሞገድ ይሠራል። እውነተኛ ነገር አይደለም።»

«ቤቱ ውስጥ የለም?»

«የለም። ካሜራው ነው የሚያመጣው።»

«እኔ ደግሞ መጋረጃውን በምን አጠብሽው ብዬ ሚስቴን ልቆጣ ነበር።»

ምስጋናው ማደብዘዣውን አሰፋና ከመጋረጃው ወደ ሶፋው ልብስ፣ ከሶፋው ወደ ግድግዳው ተሻገረ። ግድግዳው ቀጫጭን መስመር ያለው ወረቀት ለብሷል። ከመስኮቱ ሥር እዚያም ሞገድ ነበር፤ ሰፋ ያለ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ። ምስጋናው ሳያመነታ አለፈበት።

ጋሽ ደምለው ከበርጩማው ብድግ አሉ። «ያም ሞሬ ነው?»

«እሱም ሞሬ ነው።»

«ተባረክ» አሉ በቀስታ። ወጥተውም ለሁለታቸው ሻይ አዘው ተመለሱ። ጋሽ ደምለው ለሰው ሻይ ሲያዙ ያየ በሰፈሩ አልነበረም።

አራት ሰዓት ላይ ምስጋናው ፎቶዎቹን በቴሌግራም ለጠፈ፤ ከሥራቸው የእሱ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተደወለ።

«ሂዊ እባላለሁ። መምህርት ነኝ፤ ከይጁቤ ወደ ማርቆስ ተዛውሬ ነው። ቤቱን ወድጄዋለሁ። ግን እናቴ አስም አለባት፤ አሁን ያለንበት ቤት በእርጥበቱ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አስተኝቷታል። አንተ በዐይንህ አይተኸዋል አይደል? ግድግዳው ደረቅ ነው?»

ምስጋናው «አዎ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ማየትስ አይቷል፤ ያየው ግን በካሜራው ነው።

«ቆይቼ ልደውልልሽ።»

«ቶሎ በል እንግዲህ፤ ይኼን ቤት ዛሬ የግድ እንለቃለን፤ መኪናው ዕቃችንን ሊጭን በር ላይ ቆሟል።»

ያልተነካውን ፎቶ ከፈተ። አሳነሰ፤ አሳደገ። የመጋረጃው ሞገድ ይመጣል፣ ይሄዳል። የግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ይኼ የግድግዳው እርጥበት ይሆን እንዴ?»

«የምን እርጥበት? ካሜራው ነው ያመጣው፣ ቤቱ ውስጥ የለም ያልኸኝ አንተው አይደለህም?»

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል።»

«የተማረ ሰው ጠዋት የተናገረውን ረፋድ ላይ ያጥፋል?» ጋሽ ደምለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «በል እንሂድና እንይ። ካሜራህን ግን እዚሁ ተወው፤ ደግሞ ሌላ ሞገድ እንዳያመጣብኝ።»

ምስጋናው ፊታቸውን አየ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው መለየት አልቻለም።

በባጃጅ ሄዱ። ከማለዳ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጠጠው ምስጋናው በየቆርቆሮው አጥር ላይ ሞገድ አየ፤ በሾፌሩ ሹራብ ላይም አየ። ዐይኑን አሸት አሸት አደረገ። በጋሽ ደምለው ጋቢ ላይም አለ።

ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቆመ። ቡናማው ሞገድ እዚያው ነው። ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዘነበለ፤ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

«ይታየኛል ጋሼ።»

«ከኮምፒውተሩ ዐይንህ ላይ ተለጥፎ የመጣ ነው። ለእኔ አይታየኝም» አሉ ጋሽ ደምለው፣ በሩን እያዩ።

«ወደዚህ ዞረው ይዩ እንጂ።»

«ለምን ልይ? የሌለ ነገር ይታያል?»

ክርክሩ ቀዳዳ የለውም፤ ቢኖረውም ራሱ ነው የደፈነው። እውነትም ዐይኑ ቢሆንስ? አንዲትን ሴትዮ ቤት አሳጥቶ፣ የአንድ ሽማግሌ ተከራይ አባሮ፣ ኋላ ነገሩ የዐይን ድካም ቢሆን? በሚያየው ነገር እርግጠኛ አልሆን አለ። አፍንጫው ግን ስለ ሞሬ ምንም የተማረው ነገር ስላልነበረ፣ የሻገተ እህል የመሰለውን ሽታ ያለ ክርክር ተቀበለ።

ስልኩ ጠራ። ሂዊ ናት።

«ደረቅ ነው በላት» አሉ ጋሽ ደምለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስማኝ ልጄ፤ ወንድሜ ደምበጫ ላይ ሆቴል ሠርቶ ጨርሷል። ሠላሳ ክፍል ነው፤ አንዱም ፎቶ አልተነሣም። እኔ ነኝ ፎቶ የሚያነሣ ሰው የማመጣለት።»

ሠላሳ ክፍል። ምስጋናው ከሠርግ ድንኳን ወጥቶ ሠላሳ አልጋ ፎቶ ሲያነሣ ታየው። ይኼም እንደ ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ ታየው።

«ሂዊ፣ መስመሩ ላይ ጠብቂኝ፤ ገና አትጫኚ» አለ ስልኩን አንሥቶ።

ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መዳፉን ከመስኮቱ ሥር ጫነ። ወረቀቱ እንደ ራሰ ዳቦ ወደ ውስጥ ሰመጠ። እጁን ሲያነሣ ርጥብ ወረቀትና ጥቁር ሻጋታ ተጣብቆበት መጣ። መዳፉን ወደ ብርሃኑ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ አነሣው።

«ካሜራ ተው አላልሁህም?» አሉ ጋሽ ደምለው። ቀረብ ብለው ፎቶውን አዩት፤ ግድግዳውን አሁንም አላዩም። «እሺ፣ ይኼንንስ ትንሽ አታሳምረውም? ትንሽ እንኳ?»

«አይ ጋሼ።»

ፎቶውን ከዐሥራ ሁለቱ ሥር፣ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ካለበት በላይ፣ ዐሥራ ሦስተኛ አድርጎ ለጠፈው። ከዚያ ስልኩን በንጹሕ እጁ ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ቴሌግራሙን ክፈቺ» አላት። «የመጨረሻውን እዪ፤ እሱን አልነካሁትም።»