ኮንክሪት ካልሆነ

እኔና ሳቢራ ያለን አንድ ድራይቭዌይ ነው። የእሷ ቤት በግራ፣ የኔ በቀኝ፣ መኪናው የሚገባበት መሀል ለመሀል። ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የኔ ነው፤ የቤቱ ወረቀትም እንደዚያ ይላል። አንዷ ካልፈረመች ሌላዋ አንዲት ጠጠር ማንሳት አትችልም።

ቀድማ የገዛችው እሷ ናት። የጎኗ ቤት ለሽያጭ ሲወጣ ሥራ ቦታ ድረስ ደውላ፣ «ታዴ፣ የያዝሽውን አንሶላ ጣይና ነይ» አለችኝ። ያኔ ሁለታችንም አርሊንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነበርን፤ እኔ የጠዋት፣ እሷ የከሰዓት ገቢ። አንሶላውን ጥዬ መጣሁ። ይኸው ሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ለጎን ከኖርን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ። እኔ ቤት የእሷ ብቻ የሆነ ድስት አለ፤ የኔ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ልጇ ሂክማ ከትምህርት ቤት ባስ የምትወርደው እኔ ደጅ ነበር። አብልቼ፣ ጸጉሯን ሠርቼ፣ የማይገባኝን የቤት ሥራዋን «ጨርሻለሁ» እስክትለኝ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ አልወለድኩም። በሂክማ ምክንያት ግን አልወለድኩም ብዬ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ኦክቶበር ከራቫት ያሰረ ሰውዬ የሳቢራን ቤት ፎቶ ሲያነሣ አገኘሁት። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ሪልተር ነኝ፣ የቤት ደላላ አለ። ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ሳቢራ አሌክሳንድሪያ ልጇ ጋ ልትገባ ነው። ይህን ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁት።

ሄጄ በሯን ደበደብኩ።

«እውነት ነው?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ዕቃሽን ጭነሽ ስትጨርሺ?»

«ታዴ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ይኼ ደረጃ…»

«ጉልበት! ጉልበቱን የማያመው ማን አለ? በይ ደህና ሁኚ» ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩ። እኔ ሳኮርፍ እንደ ሰው አይደለም፤ እናቴ እንኳ «ይቺ ልጅ ስታኮርፍ አህያም አይጎትታት» ትል ነበር። ግን ማኩረፍ አንድ ነገር ነው፣ መቻል ሌላ ነገር ነው። ወጥ ስሠራ እጄ ለሁለት ሰው ይሠራል። የኩሽናዬ መስኮት ከእሷ ኩሽና መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት መብራቷ ሲበራ ዞር ብዬ እቆማለሁ፣ ከዘገየች ደግሞ ምን ሆነች እያልኩ ስንቴ እመለከታለሁ።

ሂክማ ደወለች። «ታዴዬ፣ አሌክሳንድሪያ እኮ ቅርብ ነው። ፎርቲ ሚኒትስ!» አለችኝ። ለእሷ ቅርብ ነው። እኔ ቤልትዌይ በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ አልነዳም፤ አንድ ቀን ሁለት ትራክ መሀል ገብቼ ከወጣሁ ወዲህ ሞቼ ነው እዚያ የምመለሰው። በባቡር ከሆነ ቀዩን መስመር ይዤ፣ ከተማ ወርጄ ቢጫውን ይዤ፣ ከዚያ ደግሞ ባስ መጠበቅ ነው። ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን። ይሁን፣ ለበዓል ይኬዳል፣ ሲታመሙም ይኬዳል። ጨው አለቀብኝ ብሎ ግን አሌክሳንድሪያ የሚሄድ ሰው የለም። እኔ የማጣው ያንን ነው።

ሪልተሩ ቤቱ የሚሸጠው ድራይቭዌዩ ከተሠራ ነው ብሏል። እውነቱን ነው፤ አሮጌው አስፋልት ተሰነጣጥቆ፣ የሜፕሉ ዛፍ ሥር ከታች አንሥቶት፣ ዝናብ ሲዘንብ ዳክዬ ይዋኝበታል። ሳቢራ ከሮክቪል ወልደአምላክ የሚባል ኮንትራክተር አስመጣች። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሜትሩን ወገቡ ላይ የሰካ፣ ጨዋ ልጅ። መሬቱን በጫማው እየመታ ከላይ እስከ ታች ሄዶ መሀል ላይ ቆመ። እኔ በኔ በረንዳ ነኝ፣ እሷ በእሷ በረንዳ መደገፊያውን ይዛ ቆማለች።

«እንግዲህ ሁለት ምርጫ አለ» አለ። «አስፋልት በአንድ ቀን አነጥፍላችኋለሁ፤ ግን የአስፋልቱ ፋብሪካ ለክረምት ሊዘጋ ነው፣ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ካልሆነ የለም። ከሁለት ከሦስት ዓመት አንዴ ላዩን ይቀባል። ኮንክሪት ወደድ ይላል፣ ግን በደንብ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አይነካም። እሱን አሁን ባፈስላችሁ በብርድ ስለሚዘገይ ሳይጠነክር በረዶ ይመጣበታል፤ የመጀመሪያው ክረምት ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ከረጫችሁበት ደግሞ ላዩ እንደ ቂጣ ይላጣል። ኮንክሪት ካላችሁ ኤፕሪልን መጠበቅ ነው።»

«ኤፕሪል?» አልኩት።

«አዎ፣ እትዬ። መሬቱ ሲሞቅ።»

በጣቴ ቆጠርኩ። አምስት ወር።

«ኮንክሪት ይሁን» አልኩ። «ኮንክሪት ካልሆነ አልፈርምም።»

ሳቢራ ከበረንዳዋ ሳቀች፤ የንዴት ሳቅ ነው። «ወልዴ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። ያቺ አሮጌ መኪናዋ ከአስፋልት ጋር ምን ያጣላታል?»

«ንገራት፤ ዘይት የምታንጠባጥበው የእሷ መኪና ናት። አስፋልት ደግሞ ዘይት ይበላዋል።»

«እትዬ፣ እሳቸው እኮ እዚሁ ናቸው፤ ሰምተዋል።»

«አልሰማሁም» አለች ሳቢራ። «ንገረኝ።»

«ዘይት ታንጠባጥባለች አሉ።»

«በላት፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ያንጠባጠብኩት በራሴ ግማሽ ነው!»

ወልደአምላክ ሜትሩን አስገብቶ እጁን አጣመረ። «እኔ ድራይቭዌይ ልለካ ነው የመጣሁት። ለሽምግልና ከሆነ የጠራችሁኝ አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ ጋቢ ለብሼ፣ ሁለት ሰው ጨምሬ እመጣ ነበር።»

ሳቢራ የእውነቷን ሳቀች። እኔንም ሊያመልጠኝ ሲል በሩን ዘግቼ ገባሁ።

በነጋታው ሂክማ ደወለች። ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ይፈጥናል፤ የያዝኩትን ያህል ይዤ ሌላውን እተወዋለሁ። «ታዴዬ፣ ፕሊስ! ማሚ ደረጃውን አትችለውም። ሺ ካንት! እዚህ ኤሌቬተር አለ፣ ክፍሏን ቀለም ቀብቼ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ስለ ኮንክሪት ታወሪኛለሽ!»

«ኮንክሪት ሠላሳ ዓመት ይቆያል።»

«ያን ጊዜ አንቺ ሰማንያ አራት ዓመትሽ ነው!»

«እነዳለሁ።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለችና ዘጋችው።

እኔ የጉልበቱን ነገር አላመንኩም ነበር። ሳቢራን አውቃታለሁ፤ በቀን አሥራ ስድስት ክፍል ስታጸዳ፣ ፍራሹን እንደ ትራስ ስትገለብጥ ነው የማውቃት። ልጇ ነይ ስላለቻት፣ ልቧ ስለሸፈተ፣ እኔን ሰልችታ ጉልበቴን አለች ብዬ ነበር የያዝኩት።

ሐሙስ ጠዋት ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ነው። ኩሽና ቆሜ ሳለ በሯ ተከፈተ። የቆሻሻውን ከረጢት መጀመሪያ ወደ ታች ወረወረችው። ከዚያ መደገፊያውን ይዛ እንደ ሕፃን ልጅ የላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። በመቀመጫዋ አንድ ደረጃ ወረደች። ዐረፈች። ሌላ ወረደች። ስድስት ደረጃ ነው። ሦስተኛው ላይ ቀና ብላ ወደኔ ቤት አየች፤ ከመጋረጃው ኋላ ሸሸሁ። ታች ስትደርስ መነሣት አቅቷት የቆሻሻውን በርሜል አቅፋ ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች፤ ማንም ያላያት መሰላት። ሲመለሱ ይብሳል፤ በአራት እግሯ ነው የወጣችው።

ወጥቼ ደገፍኳት ብል ደስ ባለኝ። አልወጣሁም። እንዳየኋት ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ታፍራለች። ቀና ብላ የኖረች ሴት ናት።

ነይ እኔ ጋ ግቢ እንዳልላት የኔም ቤት ያው ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሠራቸው መንታ ቤቶች ናቸው። ስድስት ደረጃ ደጅ ላይ፣ መኝታውና ገላ መታጠቢያው ደግሞ ፎቅ ላይ።

የያዝኩት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ቆምኩና ወልደአምላክ ጋ ደወልኩ።

«አስፋልት ይሁን።»

«እትዬ ታደለች? ሰኞ ዕለት ኮንክሪት ካልሆነ ብለው ሊገድሉኝ ነበር እኮ።»

«አልገደልኩህም አይደል? በሕይወት ካለህ መቼ ትመጣለህ?»

«ማክሰኞ ልመጣ እችላለሁ። ግን ምን ተገኘ?»

«ና» ብዬ ዘጋሁት።

ሰዓት ሳይሞላ በሬ ተደበደበ። ሳቢራ ናት፤ ወልደአምላክ ደውሎ ነግሯት ነው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደረጃዬን እንዴት እንደወጣችው አልጠየቅኋትም። ከአምስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የነገረችኝ ነገር ይህ ነው፦

«ማነው ሐሳብሽን ለውጪ ያለሽ?»

«አስፋልት አልነበር የፈለግሽው?»

«አስፋልት ያልኩት እኔ ነኛ! አንቺ እምቢ ነበር ማለት ያለብሽ!»

ገብታ ሶፋው ላይ ወደቀች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«ሂክማ በደወለች ቁጥር ምን እንደምላት ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ታዴ እምቢ አለች፤ ታዴን ደግሞ ታውቂያታለሽ እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ኤፕሪል ድረስ ብዬ፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል ብዬ። በአንቺ እምቢታ ተከልዬ ተቀምጬ እኮ ነበር፤ አሁን አንቺ ተነሥተሽ…» እጇን ወደ መስኮቱ ወርወር አደረገች።

«ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ቅሪ ትዪኛለሽ።»

«እልሽ ነበር።»

«ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ አንድ ጠዋት እዚያ ደረጃ ሥር ታገኚኛለሽ። ከዚያ በኋላ አንቺ በዚያ መስኮት ማየት ትችያለሽ?»

ቅሪ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ሁለት ፊደል ናት፣ ግን መውጣትም መዋጥም አልችል አለች። እሷም ትጠብቃለች፤ ካልኳት እንደምትቀር ከፊቷ አይቻለሁ። ሂክማ የቀባችው ክፍል ታየኝ፤ ኤሌቬተሩ ታየኝ፤ በርሜሉን አቅፋ ስትነሣም ታየችኝ።

«ማክሰኞ ይመጣሉ» አልኳት።

«ማክሰኞ?»

«ማክሰኞ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ምሳ ምን አለ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል፣ ሰዎቹ ሳይመጡ፣ ደግፌ አሻግሬ እኔ ቤት አስገባኋት። የእሷ ደረጃ የሚያርፈው ድራይቭዌዩ ላይ ስለሆነ ሥራው እስኪያልቅ መውጫ የላትም። አሮጌውን ፈንቅለው ጫኑት፣ የሜፕሉን ሥር ቆረጡት፣ ጠጠር አፍስሰው ደመደሙት። ከዚያ ጥቁሩ መጣ፤ እንፋሎቱ እስከ ጣሪያ ይወጣል፣ ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገባ። መዳመጫው ወዲያ ወዲህ ሲል ቤቱ ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ መስኮት ሥር ወንበር ስበን እንደ ሠርግ አየነው።

ወልደአምላክ ሲጨርስ፣ «በእግር ነገ መሄድ ይቻላል፤ መኪና ግን እስከ ዓርብ እንዳይነካው» አለ። ሂክማ እናቷን የምትወስደው መኪናው በር ድረስ ሲገባላት ነው፤ ከመንገዱ እስከ ቤታችን ያለው ሣር ቁልቁለት ስለሆነ ሳቢራ በዚያ መውረድ አትችልም። ስለዚህ ዓርብ ተባለ። ሦስት ቀን እኔ ጋ ከረመች። ሶፋው ላይ አነጠፍኩላት፣ እኔም ወለሉ ላይ ፍራሽ ጣልኩ። ብዙም አላወራንም። እሷ ትሰግዳለች፣ እኔ እጸልያለሁ፣ እንበላለን፣ ስለ ሪልተሩ ከራቫት እናማለን። ማክሰኞም ረቡዕም ሐሙስም እንደ ድሮው ነበሩ። ለዚያ ነው የከፉት።

ዓርብ ጠዋት ወልደአምላክ መጣ። በተረከዙ እዚህም እዚያም ረገጠ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰ። «ደርሷል፣ እትዬ። ይንዱበት» አለኝና ሄደ።

ልብሴን ሳልቀይር ስልኩ ጮኸ።

«ታዴዬ፣ እንዴት ነው? ደረቀ? አሁን ልነሣ?»

በመስኮት አየሁት። ጥቁር፣ ድፍን ብሎ፣ ከእሷ ደረጃ እስከኔ ቤት ጥግ አንድም ስንጥቅ ሳይኖርበት ተዘርግቷል።

«አልደረቀም» አልኳት።

«ስቲል? እስካሁን? ሰውዬው ዓርብ አላለም?»

«ብርድ ነው። በብርድ ይዘገያል። እሑድ ነይ።»

«ኦኬ… ማሚስ?»

«ተኝታለች።»

ስልኩን አስቀመጥኩት። ሳቢራ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ዓይኗን ጨፍናለች።

«በብርድ የሚዘገየው ኮንክሪት ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እሷ ምን ታውቃለች?»

«እሑድስ ምን ልትያት ነው?»

«እሑድ ይደርቃል» አልኳት።

ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ምሳ ልሠራ ተነሣሁ።