የሮሃ ሰማንያ ቀን

ሰቆጣ ላይ ሮሃ የሚለው ስም የበዛው በቅርቡ ነው። በክትባት ወረፋ ላይ ነርሷ «ሮሃ» ብላ ስትጣራ ሦስት እናቶች እኩል ይነሳሉ። ድሮ ቢሆን እማማ ደጅይጥኑ «ምነው፣ አገሩ ሁሉ ላሊበላን ወለደ እንዴ?» ብለው ይቀልዱ ነበር። ዘንድሮ ግን ስሙን በሰሙ ቁጥር ፊታቸውን ይሸሽጋሉ።

ምራታቸው እስከዳር ሴት ልጅ በወለደች በስድስተኛው ቀን፣ ላሊበላ ግንበኛ ሆኖ ይሠራ የነበረው ልጃቸው ደግሰው ከሕንፃ ላይ ወድቆ ሞተ። ወንድሙ ምሳው ሬሳውን አምጥቶ ደሃና፣ በአባታቸው ደብር፣ ቀበረው።

መርዶ ያራስ ጡት ያደርቃል ይባላል። ስለዚህ ዘመድ አዝማዱ ተማከረና ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እስከዳር እንዳትሰማ ተወሰነ። አራሷን ጥለው ከሄዱ ትጠረጥራለች ተብሎ እማማ ከቀብሩ ቀሩ። ጥቁር አልለበሱም፤ ፀጉራቸውንም አልተላጩም። እናትን ከልጇ ቀብር ማስቀረት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ምሳው ለእስከዳር «የደግሰው ስልክ ተሰርቋል፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሥራ ሄዷል» እያለ ውሸቱን ይደረድራል። አጠገቧ ውለው የሚያድሩት ግን እማማ ናቸው።

ከሁሉ የከበዳቸው ስሙ ነበር።

«ልጄ፣ ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» አሏት አንድ ቀን ገንፎ እያቀረቡ። «ጸሐይነሽ በያት፤ የእናቴ ስም ነው።»

«እንዴት አድርጌ፣ እማማ? ደግሰው ራሱ እኮ ነው ያወጣላት። በወለድኩ በአምስተኛው ቀን ደውሎ፣ ‹ሮሃ በያት፤ የላሊበላ የድሮ ስሟ ነው፤ ስታድግ ወስጄ አሳያታለሁ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።» ልጅቷን እቅፍ አድርጋ ሳቀች። «ሰው ትርጉሙን ሲጠይቀኝ፣ አባቷ ያለበት ማለት ነው እላለሁ።»

እማማ ከቤት ወጡ። ጓሮ ሄደው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

በሰማንያኛው ቀን ልጅቷ ተጠመቀች፤ ቄሱ ወለተ ሰንበት አሏት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ለእስከዳር መርዶዋን ነገሯት። ደረቷን ደቃች፤ መሬት ላይ ተንከባለለች። ቀትር ላይ ድምፅዋ ሲዘጋ ቀና ብላ አማቷን አየች።

«መቼ ተቀበረ?»

«ልጅቷ ሳምንት እንደሞላት።»

«ተዝካሩስ?»

«በአርባው ወጣለት። ደሃና።»

«እንግዲያ ሰው ሁሉ ተዝካሩን ሲበላ እኔ አባቷ ያለበት እያልኩ እስቅ ነበር። እርስዎም እየሰሙኝ ዝም አሉ።» እስከዳር ፊቷን አዞረች። «ከዛሬ ወዲያ በዚያ ስም የሚጠራት እንዳይኖር። የክርስትና ስሟ ይበቃታል።»

ደግሰው ከሞተ ጀምሮ ይህንኑ ሲመኙ የኖሩት እማማ እግሯ ሥር ወደቁ።

«ተይ ልጄ። ሲቀበር አልነበርኩም። ከአፉ ወጥቶ የቀረኝ ይሄ ስም ብቻ ነው። ይሄንንም አትቅበሪብኝ።»

እስከዳር የምታለቅሰውን ልጅ አነሳች፤ ጡቷን አጎረሰቻትና «ወለተ ሰንበት» አለቻት። ለቅሶ የመጡት ሴቶችም ተቀብለው ወለተ ሰንበት አሏት።

እማማ ደጅይጥኑ ያን ሁሉ ቀን ያፈኑትን ልቅሶ ያኔ ለቀቁት። ደግሰው ብለው ሊጣሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሮሃ ነበር።