የአይጥ ቤቱ ቁልፍ

ዶክተር ቲሳውኬ ጄሬ ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ በሩን ዘጋች። ከዚያ ዞራ መስኮቱንም ዘጋችው። በዚህ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብትና የአድልዎ ጉዳይ አማካሪ ሆኜ ስሠራ በር የሚዘጋ ብዙ ሰው አይቻለሁ። በሉሳካ ሙቀት መስኮት ጭምር የሚዘጋ ግን ወይ ክፉኛ የፈራ ነው፣ ወይ ሊዋሸኝ የመጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ መጠርጠር ነው።

"ባ ሙቲንታ፣ እዚህ መምጣቴን እናቴ እንኳ አታውቅም" አለችኝ፤ 'ባ' በእኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

"እናትሽ ምን አገባት?"

"ብትሰማ ትስቅብኛለች። 'ቤምባ አይጥ በላ ብሎ ሰደበኝ ብላ የምትከስ ንጎኒ ወለድኩ?' ነው የምትለው።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። የቤምባና የንጎኒ አያቶች ሲዋጉ ኖረው በኋላ በስድብ የታረቁ ናቸው። ቤምባው ንጎኒውን አይጥ በላ ይለዋል፣ ንጎኒው ቤምባውን ጦጣ በላ። ቺምቡያ ነው፣ የስድብ ዝምድና። በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በአውቶቡስ ውስጥም ይሞላለጫሉ፤ በዚህ የተቀየመ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው። እኔ ቶንጋ ስለሆንኩ ከነሱ ጋር የለሁበትም፤ የኔ ተሰዳዳቢዎች ሎዚዎች ናቸው።

"ማን ሰደበሽ?"

"ፕሮፌሰር ካፔምብዋ።"

የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ነው። ነገሩ የሆነው በመምህራን ስብሰባ ላይ ነበር። ካፔምብዋ በሁሉም ፊት፣ "ለመሆኑ ለአይጥ በላ የአይጥ ቤት ቁልፍ የሰጠው ማነው? ድመትን ወተት ጠብቂ ማለት እኮ ነው!" ብሎ እጁን ዘረጋላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ጨዋታ መስሏት የላብራቶሪውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ሳቁ አለቀ፤ ቁልፉ ግን አልተመለሰም" አለችኝ። "በጠየቅኩት ቁጥር 'አይጦቹን ቆጥሬ ልጨርስ' ይላል። ሰዉም እንደገና ይስቃል። የወባ መድኃኒት ምርምሬ ከቆመ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሆነ። ምርምር ካላሳየሁ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ኮንትራቴ አይታደስም።"

"ኮንትራቱን የሚፈርመው ማነው?"

"እሱ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ብለሽ መለስሽለት?"

"ምንም።"

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ቤምባ ሰድቦት ዝም ያለ ንጎኒ አይቼ አላውቅም።

"እንዴት ምንም?"

"ቅዝምዝም ሲወረወር ጎንበስ ብለሽ አሳልፊው ነው የተባልኩት። ጎንበስ አልኩ፤ እንደጎነበስኩ ቀረሁ።"

ከሄደች በኋላም ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። ሥራዋ ገና ከቁልፉ በፊት ወደ ኋላ የቀረ እንደነበር የሚያሙ ነበሩ። ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበቡን ከመብት ቢሮ ይወስዳል፤ ደርሶብኛል። ባልደረቦቿን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁሉም "ጨዋታ ነው እኮ" ብለው ሳቁ። ከመሳቃቸው በፊት ግን ሁሉም በሩን ገልመጥ አደረጉ፤ ይህን ደግሞ እኔ ገልመጥ ብዬ አየሁ።

ካፔምብዋ ዘንድ ስሄድ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ግራ እጁን ቀኝ ክንዱ ላይ አስደግፎ በአክብሮት ጨበጠኝ። ቪቱምቡዋ የሚባለውን የሊጥ ጥብስም አቀረበልኝ፤ ከዘይቱ የወጣው ገና አሁን ነው፣ ይተኩሳል። አልነካሁትም።

"ባ ሙቲንታ! የዚህ አገር ሰው አይደሉም እንዴ? ቺምቡያን ሊከሱ? ነገ ደግሞ የንሺማ ገንፎ በእጅ መብላትን ይከሱልናል!"

"ስድቡን ትቼዋለሁ። ቁልፉስ?"

"ለጥንቃቄ ነው። በዚያ ላይ ልጅቷ ቀዝቃዛ ናት። እሰድባታለሁ፣ እንደ ግድግዳ ታየኛለች። አንድ ቀን እንኳ ብትመልስልኝ ደስታዬ ነበር።"

"ብትመልስልዎ ደስ ይልዎታል?"

"እንዴታ! ወጉስ ይኸው አይደል?"

አነጋገሩ ከልብ የመነጨ ይመስላል። ደህና ውሸትም እንደዚያው ስለሚመስል፣ ማንን እንደማምን ሳላውቅ ወጣሁ።

ቅዳሜ ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ የድሮ ኃላፊ ባ ሙሶንዳ ተቀበሩ። ሟቹ ቤምባ ስለነበሩ ንጎኒዎቹ እንደ ወጉ ለቅሶውን ሊያበላሹ ግልብጥ ብለው መጥተዋል። አንዲት ንጎኒ አሮጊት ሬሳ ተሸካሚዎቹ ፊት ተጋድመው፣ "ይሄ ጦጣ በላ የትም አይሄድ! ያገባኛል ብዬ ስጠብቀው ኖሬ!" ብለው ጮኹ። ጥርስ ባዳ ነውና የሟቹ ሚስት ከእንባዋ ጋር ሳቀች። አሮጊቷ ተነሥተው የበቆሎ ዱቄት ዘገኑና ቤምባዎቹን እየዞሩ ፊታቸውን ይቀቡ ጀመር። አንድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ራሱ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ሰጣቸው። ከጠዋት ጀምሮ ንጎኒዎቹን ሲሰድብ ያረፈደው ካፔምብዋ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን ቀጨም አደረገው።

"ልብሴን!" አላቸው። ድምፁ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ።

አሮጊቷ የተያዘ እጃቸውን እያሹ ቀሩ። እኔ ግን ያን ጊዜ የነገሩን ጅራት ያዝኩ።

ሰኞ ዲኑ ዶክተር አካፔልዋ ዘንድ ገባሁ። ሎዚ ነው፤ ስለዚህ ሰላምታችን ስድብ ነው።

"አንቺ የከብት እረኛ፣ ደግሞ ማንን ልትከሺ መጣሽ?"

"አንተ የላሞቻችን ሌባ፣ ስብሰባ ጥራልኝ።"

ነገሩን ስነግረው ፊቱን አኮሳተረ። "በእርቅ ይለቅ። ስድቡም ይቅር፣ ቁልፉንም ቀስ ብሎ ይመልስላት።"

"አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" አልኩት። ከካፔምብዋ ጋር አንድ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው እንደሚዘምሩ አውቃለሁ። እሱንም ጠረጠርኩት። ቢሆንም ስብሰባውን ጠራ።

ከመግባታችን በፊት ጄሬን ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

"ስጠይቅሽ ተነሺና እንደ ዘመድ መልሺለት።"

"በዲኑ ፊት?"

"በዲኑ ፊት። አንጀትሽ እስኪርስ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እናያለን" አልኳት። የቀረውን አልነገርኳትም።

ካፔምብዋ በስብሰባው ላይ ጥሩ ተናገረ። ስለ አባቶች ጥበብ፣ አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ ጦር እንዳይመዝ ስላደረገው ሳቅ ተናገረ። ዲኑ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ ሳይ ፈራሁ። አምርሬ ተናደድኩም፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበራ።

"እንግዲህ ፕሮፌሰር፣ ዶክተር ጄሬ ዘመድዎ ናት ማለት ነው?" አልኩት።

"የስድብ ዘመዴ! ያውም የሥጋ ያህል።"

"መመለስ ትችላለች?"

"አፏን ማን ያዘው?"

ወደ ጄሬ ዞርኩ። ወንበሯን ይዛ ተነሣች። መጀመሪያ ድምፅ አልወጣትም። ካፔምብዋ ወደ ዲኑ ዞሮ "አላልኳችሁም?" በሚል ዓይን ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አየቻት።

"አንተ!" አለችው። ከምታከብረው አለቃዋ ጋር "አንተ" ተባብላ አታውቅም። "አንተ ጦጣ በላ! ቁልፌን ለምን እንደደበቅክ ያላወቅን መሰለህ? ጫካችሁ ውስጥ ጦጣው ሲያልቅባችሁ ወደኛ ድስት ዞራችሁ! የላብራቶሪ አይጥ ባየህ ቁጥር ምራቅህን ስትውጥ ተማሪው ሁሉ ያይሃል እኮ። እባክህ አትሰቃይ፣ አንተ ሰውዬ! ቺፓታ እናቴ ቤት ና፣ በጨው አድርቃ ታበላሃለች። ግን ጅራትህን ሱሪህ ውስጥ አስገባ፣ ውሻችን ይናከሳል!"

ዲኑ በሳቅ ፈነዳ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛውን ይደበድባል። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። የመምህራን ማኅበሩ ተወካይ ራሱ ቤምባ ነው፤ "ገደለችን! ገደለችን!" እያለ እንባውን ይጠርጋል። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ካፔምብዋ ቀስ ብሎ ተነሣ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል።

"ዶክተር ጄሬ፣ ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ እወቂ! እኔ የትምህርት ክፍል ኃላፊሽ ነኝ! ይህን ንግግርሽን ኮንትራትሽ ሲቀርብ እናነሣዋለን!"

ሳቁ ጸጥ አለ። ዲኑ መነጽሩን ጠርጎ አደረገ።

"አሁን እኮ የስድብ ዘመዷ ነኝ ስትለን ነበር" አለው።

ካፔምብዋ ወደ ማኅበሩ ተወካይ ቢመለከት ሰውዬው ጣራ ጣራ ያያል።

"ኮንትራቷን እኔው እመለከተዋለሁ" አለ ዲኑ። "የቀረውን ከነገ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ቁልፏን።"

ቁልፉ ከካፔምብዋ የመኪና ቁልፍ ጋር አንድ ቀለበት ላይ ነበር። ለማውጣት ጥፍሩ እስኪሰበር ታገለ፤ የረዳው ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው ጄሬ ወዲያው አነሣችው።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ቁልፉን በሁለት እጇ ጨብጣው ነበር። ደስ ያላት መስሎኝ ትከሻዋን ልይዛት ስል ዞረችብኝ።

"ባ ሙቲንታ፣ ቢስቅ ኖሮስ?"

ልዋሻት እችል ነበር።

"ቢስቅ ኖሮ እውነተኛ ዘመድሽ ነው ይባል ነበር። አቤቱታሽም ይዘጋ ነበር" አልኳት።

"ኮንትራቴም አብሮ።"

"አዎ።"

"ይህን እያወቁ ነው ተነሺ ያሉኝ?"

"አይስቅም ብዬ ነው። ለቅሶ ላይ አይቼዋለሁ።"

"ለቅሶ ላይ ያዩትን ለእኔ አልነገሩኝም።"

ብነግራት ትፈራለች፣ አትነሣም ብዬ ነበር። አላመንኳትም ማለት ነው፤ ይህን ከፊቴ ላይ ያነበበችው መሰለኝ።

እስከ ላብራቶሪው ድረስ ተከተልኳት። ቁልፉን ወዲያው አላስገባችውም። ካፔምብዋ ሌላ ቁልፍ ሰጥቷት እንደሆን ወደ ብርሃን አንሥታ ጥርሱን መረመረች። ከዚያ አስገብታ አዞረችው። ተከፈተ። የአይጦቹ ሽታ ከነጩኸታቸው ወጣ።

"አመሰግናለሁ፣ ባ ሙቲንታ" አለችኝ፣ ጉልበቷን በትሕትና ሰበር አድርጋ፣ ልክ እንደ እንግዳ።

ገባችና በሩን ዘጋች። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማሁት። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆምኩ። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን እቆልፍ ነበር።