ሦስት ምስክር

ጋሽ ላንቃሞ ለአዋሳው ቤተክርስቲያን ሠላሳ ዓመት መቃብር ቆፍረዋል። ወገባቸውን የቆረጠውም ያው ቁፋሮ ነው። አሁን ጡረታ ወጥተው የመድኃኒት ድጎማ ሊጠይቁ ወደ ቤተክርስቲያኑ ቢሮ ቢመጡ ፋይላቸው የለም፤ ቀበሌው አሮጌውን ጸሎት ቤት ሲያሽገው እዚያው ቀርቷል። የቤተክርስቲያኑ ኮሚቴም፣ ከተቀጠሩ ጀምሮ የሚያውቋቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይፈርሙላቸው አለ።

"ወይ ጣጣ! ማንን ልጥራ?" አሉ ጸሐፊዋን ታቢታን፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። "የሚያውቁኝን ሁሉ እኔው ቀበርኳቸው እኮ!"

ታቢታ አንገቷን ደፋች። አባቷንም በክረምት ጭቃ የቀበሩት እሳቸው ናቸው። በሩን ገርበብ አደረገችና የምስክሮቹ ቅጽ የመጀመሪያው መስመር ላይ የአባቷን ስም ጻፈች፤ በአባቷም ፈንታ ራሷ ፈረመች።

"ሁለት ይቀራል፣ ጋሼ" አለች ቀና ሳትል። "ሌላስ ማንን ቀበሩ?"