የዳቦ ጋጋሪው ልጅ

"ዱቄት ገብቶበታል?"

የምግብ አዘጋጇ ጭልፋውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀና ብለው አዩዋት። ከኋላ የተሰለፉት ተማሪዎች ማጉረምረም ጀመሩ።

"ምኑ ላይ?"

"መረቁ ላይ፣ እትዬ። ለማወፈሪያ ብላችሁ..."

"ብትበዛ ሁለት ማንኪያ ናት! ለዚህ ሁሉ ሰው ሁለት ማንኪያ ዱቄት ምን ታደርግሻለች?"

"ይቅርብኝ። ድንቹን ብቻ ይስጡኝ፤ እባክዎ፣ በሌላ ማንኪያ።"

"ኧረ መርማሪዋ፣ ምርመራሽን ጨርሺልን! ራበን እኮ!" አለ ከኋላ አንዱ። ሰልፉ በሳቅ ሞላ።

እሷም አብራቸው ሳቀች። "መርማሪዋ" የሚለው ቅጽል ስም ከወጣላት አራት ወሯ ነው፤ አሁን አሁንማ በእውነተኛ ስሟ ሲጠሯት ዞር ለማለት ትዘገያለች።

አራት ወር የሞላው ሐኪሙ የምርመራ ውጤቷን ካነበበላት ወዲህ ነው። "ስንዴና ገብስ ያለበት ነገር ሁሉ አንጀትሽን ያቆስለዋል። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው" አላት። "እስከ መቼ?" ስትለው መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "ዕድሜ ልክሽን" ብሎ አረፈው።

ለሌላ ሰው ቢሆን እዳው ገብስ ነው ይባል ነበር። እሷ ግን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት። ያደገችው ከመጋገሪያው በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት በወለሉ ሳንቃ መሃል የሚወጣው የትኩስ ዳቦ ሽታ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። አባቷ ደግሞ እወድሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሲደሰትባትም፣ ሲያዝንላትም፣ ተቆጥቷት ሲጸጸትም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ የዳቦውን ጫፍ፣ ያንን የሚንኮሻኮሸውን፣ ቆርሶ ይሰጣታል።

በአዳሪ ትምህርት ቤቱ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ዳቦ በሻይ ሲያደርጉ መጽሐፏን ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ወር፣ አልቻለችም። "ግማሽ ብቻ" ብላ ከጓደኛዋ ተቀበለች። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ተጠቅልላ ዋለች፤ የኬሚስትሪ ፈተናም አመለጣት። ለማንም ያልነገረችው ነገር ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታኝክ እንባዋ መጥቶ ነበር፤ ያኔ ገና ምንም አላመማትም።

አባቷ ይህን ሁሉ አያውቅም። "እየበላሽ ነው?" ይላታል በስልክ። "እየበላሁ ነው፣ አባዬ" ትለዋለች። ውሸት አይደለም፤ ምን እንደምትበላ ጠይቋት አያውቅም።

ድንቿን ይዛ ጥግ ላይ እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ።

"በሩ ላይ ነኝ" አለ አባቷ።

"የትኛው በር?"

"ትምህርት ቤትሽ ስንት በር አለው?"

ሰሐኑን ጥላ በሩጫ ሄደች። ከዘበኛው ቤት አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የጨርቅ ከረጢት ጭኑ ላይ አቅፎ አገኘችው።

"ምነው ልጄ፣ አጥንትሽ ብቻ ቀረ እኮ!"

"ትምህርቱ ነው።"

"ትምህርት ሥጋ ይበላል እንዴ?" አጠገቡ አስቀመጣትና ከረጢቱን ፈታ። ዳቦውን ሦስት ጊዜ በጨርቅ ጠቅልሎት ስለነበር የሦስት ሰዓቱ መንገድ አላቀዘቀዘውም። ጫፉን ቆረሰና ሰጣት።

ልቧ ሳይወስን እጇ ተቀበለ። ሙቀቱ መዳፏ ውስጥ ገባ፤ ምራቋን ዋጠች። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ጉርሻ፣ ለእሱ ስትል ብቻ ብትቀምሰው ምናለ?

"ብዪ እንጂ።"

"አባዬ፣ አልችልም።"

"ጠግበሽ ነው?"

"ዳቦ ያመኛል።"

አባቷ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ቆመ። የሐኪሙን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረችው። አዳመጣትና እጆቹን ገልብጦ ማየት ጀመረ።

"ልጅ ሆነሽ ሆድሽን ሲያምሽ ዳቦ በወተት እየነከርኩ ነበር እኮ የማበላሽ" አለ በመጨረሻ። "እኔ ነኛ ያሳመምኩሽ!"

"አንተ በምን ታውቃለህ? ሐኪሞቹስ ቢሆኑ መቼ ቶሎ አወቁት!"

"ለምን ደብቀሽ ያዝሽው?"

"ዳቦህን አልበላም ማለት..." ቀና ብላ አየችው። "አንተን አልፈልግህም ያልኩህ እንዳይመስልህ ፈርቼ።"

አባቷ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚቀበል ሰው ቀስ አድርጎ ቁራሹን ከጣቶቿ መሃል ወሰደው። ከረጢቱን ጥብቅ አድርጎ አሰረና እንዳለ ለዘበኛው ሰጠው። ከዚያ በቧንቧው ውኃ እጁን ታጥቦ ተመለሰ።

"ታዲያ ምንድን ነው የምትበዪው?"

"ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል። እዚህ እንጀራውም ገብስ ይቀላቀልበታል።"

"ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል" አለ፣ ትምህርት እንደሚሸመድድ ተማሪ። "በቆሎስ?"

"በቆሎ ይቻላል።"

"በቆሎ ይቻላል!" ነገሩን ከሰማ ጀምሮ የጨለመው ፊቱ ፈካ። "ግን ሊጡ አይያያዝም፤ እጅ ላይ ይፈርሳል። እንቁላል ቢገባበትስ? ማቡኪያውም፣ መጋገሪያውም አዲስ መሆን አለበት..." ጣቶቹ አየሩን ያቦኩ ጀመር። "የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ነው የሚሆነው። እንዳትስቂብኝ!"

"እስቅብሃለሁ" አለችው፣ እየሳቀች።

ወደ አውቶቡሱ ሸኘችው። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲነፋ አባቷ ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ መሃል ላይ ግን ቀጥ አለ። ከምድጃው ተነስቶ በሥራ ልብሱ ነበር የመጣው። የጃኬቱ ደረትና ክርን ዱቄት ለብሷል።

"ቆይማ፣ ላራግፈው" ብሎ ደረቱን በመዳፉ ይመታ ጀመር። ዱቄቱ ጭራሽ ተንሰራፋ።

ሐኪሙ የከለከላት መብላቱን ነው። ፊቷንና እጇን ኋላ በሳሙና ትታጠባለች። አራግፎ እስኪጨርስ አልጠበቀችም፤ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋችና ፊቷን ደረቱ ላይ ቀበረች።