ከማንጎው ላይ የተነሳው ቁልፍ

ዶኛ ኤርሲሊያን በዚህ ዓለም ላይ ምን ይጠላሉ ብሎ የሚጠይቃቸው ቢገኝ፣ አውሎ ነፋሱን እንኳ ኋላ አስቀርተው መጀመሪያ የሚጠሩት ያንን የማንጎ ዛፍ ነበር።

ማንጎው የቆመው ከገበያው መግቢያ፣ የሞተር ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ሚስማር ተመትቶበታል፤ ከየሚስማሩ በላይ የየሞተረኛው ቁጥር በነጭ ቀለም ተጽፏል። ሁሉም ማለዳ መጥቶ ሞተሩን ሲያቆም ቁልፉን እዚያ ይሰቅላል። ያለ ምክንያት አይደለም። ፊት ያለው ተሳፋሪ ይዞ ሲወጣ የኋለኞቹ መጠጋት አለባቸው። ባለቤቱ ሩዝና ባቄላውን ሊበላ ቤቱ ቢሄድ፣ ዶሚኖ ላይ እንቅልፍ ቢጥለው፣ ዝናብ ድንገት ቢመጣ፣ አጠገቡ ያለው ቁልፉን አንስቶ መሪውን ይከፍትና ሞተሩን ያንቀሳቅስለታል። ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው «እናንተን አላምንም» እንዳለ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ የተራው ማኅበር የሥራ ሰደርያውን አስወልቆ ይሸኘዋል።

«የሰው እንጀራ እኮ ነው የሰቀላችሁት!» ይሉ ነበር ዶኛ ኤርሲሊያ ባለፉ ቁጥር። «ላላፊ አግዳሚው ሁሉ አውርደህ ውሰድ እንደማለት!»

«ዶኛ፣ ማንጎው ይጠብቃል!» ይሏቸዋል ሞተረኞቹ፣ ከዶሚኖው ቀና ሳይሉ።

ለሌላው ሰው ቀልድ ነው፤ ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። የልጅ ልጃቸው ዊልኪን የመጀመሪያ ሞተሩን ያጣው እንደዋዛ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደግፎ ክሊኒክ እስኪያስገባ ቁልፉን ሞተሩ ላይ ትቶት ነበር፤ ሲወጣ የጠበቀው መሬት ላይ የቀረ የዘይት ጠብታ ብቻ ነው። ይቺኛዋን ቀይዋን እናቱ ማድሪድ ተቀምጣ የሰው ሽማግሌ እያጠበች ገዛችለት። ስለዚህ ቀይዋ ሞተር ሲመሽ ሳሎን ትገባለች፣ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ መካከል ትቆማለች፣ ጎማዋ ከመስኮቱ ፍርግርግ ጋር በሰንሰለት ይታሰራል፣ ቁልፏ ዶኛ ኤርሲሊያ ትራስ ስር ያድራል። እንግዳ ሲመጣ እሷን ዞሮ ነው የሚቀመጠው።

«ብርድ ልብስም አልብሻት እንጂ፣ ማማ» ይላል ዊልኪን።

«ሳቅ። ሌቦቹን አንዴ አስቀሃቸዋል።»

ልጁ ተራው ውስጥ ገና አዲስ ነው። ሰደርያውም የሙከራ ነው፤ ተራ አስከባሪው ዶን ሬምበርቶ በቃህ ካለው በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ የለውም።

ያን ቀን ዶኛ ኤርሲሊያ ዓሣ ሊገዙ ሲያልፉ ሞተረኞቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው ዶሚኖ ላይ አቀርቅረዋል። ዊልኪን ፀጉሩን ሊስተካከል ማዶ ፀጉር ቤት ገብቷል። አንድ የማያውቁት ኮፍያ ያደረገ ሰው ማንጎውን ተደግፎ ብርቱካን ይልጣል። ዓይኑ ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ለእሳቸው እንደዚያ መሰላቸው። ጠጋ ብለው የዊልኪንን ቁልፍ ከሚስማሩ አነሱና በመሐረብ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «ቤት ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አሉ በሆዳቸው፣ «ጆሮውን ቆንጥጬ።»

ሰውየው ብርቱካኑን ልጦ ጨረሰና እየበላ ሄደ። የማንንም ቁልፍ አላየም።

ዓሣ ሻጯ ጋ ወሬው ረዘመ። ሲመለሱ የጭነት መኪና ጥሩምባ ገበያውን ያናውጠዋል። ሙዝ የጫነ መኪና መግቢያው ላይ ቆሟል፣ ፊት ለፊቱ ቀይዋ ሞተር መሪዋ እንደተቆለፈ ተገትራለች። ዊልኪን አንድ ጎን ራሱን ተላጭቶ፣ ሌላው ጎን እንደጎፈረ፣ የፀጉር ቤቱን ጨርቅ ከአንገቱ ሳያወልቅ ማንጎውን ይዞራል።

«እዚህ ነበር! እዚህ ሰቅዬው ነው የሄድኩት!»

«ታዲያ የት ገባ? ማንጎው ዋጠው?»

«ሌላ ሊያስቀርጹበት ወስደውት ይሆናላ! ዛሬ ቁልፉን፣ ነገ ሞተሯን።»

«ኧረ ሰዎች፣ ሙዙ እዚሁ ሊበስል ነው!» ይላል ሹፌሩ ከላይ።

ዶን ሬምበርቶ እጃቸውን አነሱ። «ዝም በሉ። ዛፉ ጋ መጨረሻ የታየው ማነው?»

ዊልኪን መሬት መሬት እያየ፣ «እኔ ስሄድ... ቴዮ ነበር» አለ። «የሱን ቁልፍ እየሰቀለ።»

ሁሉም ወደ ቴዮ ዞሩ። ቴዮ በወጣትነቱ ዋና ከተማው ውስጥ የተሰረቀ ሞተር ከሚፈቱ ሰዎች ጋር ተይዞ ታስሯል። ተፈትቶ መጣ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ከዚህ ተራ አንድ ቀን ሳይጎድል ጎልምሷል። ያንን ነገር ማንም አንስቶበት አያውቅም። ማንም ግን አልረሳውም።

«በግልጽ ንገረኝ፣ ሬምበርቶ» አለ ቴዮ።

«ኪስህን አሳየንና ነገሩ እዚሁ ይለቅ፣ ወንድሜ።»

ቴዮ ኪሶቹን ገለበጠ። ማበጠሪያ ወጣ፣ የተነከሰ ብስኩት ወጣ፣ የልጁ የፀጉር ማስያዣ ወጣ። «ጫማዬንም ላውልቅ?» ሲል አንዱ ሳቀ። ቴዮ ግን የምሩን ነበር፤ አወለቀ። የግራ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል።

ዶኛ ኤርሲሊያ እዚያው ቆመው ነበር፣ የዓሣው ውኃ ከፌስታሉ እግራቸው ላይ እየተንጠባጠበ። ቁልፉ ደረታቸው ላይ እንደ ፍም ያቃጥላል። «እኔ ጋ ነው» ማለት ብቻ ነበር። አንደበታቸው ግን አልላወስ አለ። ዊልኪንን አያቱን ልኮ ቁልፉን አስነሳ ቢሉትስ? ሰደርያውን ቢገፍፉትስ? ደግሞ፣ ይህንን ለራሳቸውም ማመን አቃታቸው እንጂ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እጃቸውን ደረታቸው ውስጥ ከትተው ማውጣቱ አሳፈራቸው። ሰው በእሳቸው ጥፋት ጫማውን አውልቆ ቆሞ እሳቸው ስለ ደረታቸው ያፍራሉ!

መንገዱን ዞረው ሄዱ።

ዊልኪን ቤት ሲመጣ ሞተሯን ጓደኞቹ ተሸክመው አድርሰውለት ነበር። ምሳው ቀርቦለት አልነካውም። ራሱ አሁንም ግማሹ ብቻ ነው የተላጨው።

«ቴዮ ሰደርያውን ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄደ፣ ማማ። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ዝናብ የመታው መንገድ ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው። ስሙን ባልጠራው ይሻለኝ ነበር። አይደል?»

«ብላ ልጄ፣ ዓሣው በረደ» አሉት።

ሲነጋ ዘዴ ይዘው ተነሱ። ሞተረኞቹ ሳይመጡ ቁልፉን ከማንጎው ሥር፣ ቅጠሉ ውስጥ ይጥሉታል። የሚያገኘው ያገኘዋል። ነፋስ ጣለው ይባላል፤ ቴዮም ይነጻል፣ ዊልኪንም ይተርፋል፣ እሳቸውም... እሳቸውማ ጭራሽ እዚያ አልነበሩም።

ማንጎው ጋ ሲደርሱ ግን ቴዮ ቀድሟቸዋል። በጉልበቱ ተንበርክኮ ቅጠሉን በእንጨት ይጭራል።

«እንደምን አደሩ፣ ዶኛ! ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

«እግዜር ይመስገን። ምን... ምን ታደርጋለህ?»

«ያን ቁልፍ። ወድቆ እንደሆነስ ብዬ።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም። «ያው ባገኘውም አይረባኝ። ሰው ሳያየው አምጥቶ ጣለው ይሉኛል። እርስዎ ቢያገኙት ነበር የሚሻለው። እስቲ በዚያ በኩል ይዩልኝ። ቢገኝ ዕድሜ ልኬን ነው የማመሰግንዎ።»

ዶኛ ኤርሲሊያ ጎንበስ አሉ። ቁልፉን በአንድ እጃቸው ጨብጠው በሌላው ቅጠል ገለጡ። መዳፋቸውን ከፈት ቢያደርጉ አለቀ። እሱ ራሱ ነው መንገዱን የጠረገላቸው። ከጎናቸው ደግሞ ሰውየው ያወራል፤ ልጁ አባዬ ጫማህን ለምን አስወለቁህ ብላ እንደጠየቀችው፣ ድንጋይ ገብቶበት ነው እንዳላት። ሊያመሰግናቸው ነው። ዕድሜ ልኩን። ስድቡን ሊችሉት ይችሉ ነበር፣ ምስጋናውን ግን አልቻሉም።

«ተነስ፣ ቴዮ» አሉት። «ተነስ ልጄ፣ አትንበርከክ። እኔ ጋ ነው።»

«ምኑ?»

እጃቸውን ዘረጉ። ቴዮ ቁልፉን አየው፣ ከዚያ እሳቸውን።

«ትናንትም?»

«ትናንትም።»

«ዓሣ ይዘው ቆመው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጫማዬን ሳወልቅ። አይቼዎታለሁ። እኒህ ሴትዮ እንኳ አዘኑልኝ ብዬ ነበር።»

ሞተረኞቹ አንድ በአንድ እስኪሰበሰቡ ዛፉን ይዘው ቆሙ። ዶን ሬምበርቶ ሲመጡ፣ ዊልኪን ሲደርስ፣ ያደረጉትን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ብርቱካን የሚልጠውን ሰውዬ፣ መሐረቡን፣ ዝምታቸውን። ቁልፉን እኔው ልመልሰው ብለው ሲሰቅሉ ሚስማሩን ስቶ ወደቀ። ማንም ሊያነሳላቸው አልጎነበሰም። እንደገና ሰቀሉት።

«ዶኛ፣ ለእርስዎም ሰደርያ እናሰፋ እንዴ?» አለ ትናንት የሳቀው። ሊስቁ የነበሩት ቴዮን አዩና ተዉት።

ዶን ሬምበርቶ የቴዮን ሰደርያ አራግፈው ሰጡት። «ወንድሜ፣ እኔም አጥፍቻለሁ» አሉት። ወደ ዊልኪን ዞሩ። «አንተ ግን፣ የዚህን ተራ ደንብ...»

«ልጁን ተወው» አለ ቴዮ ሰደርያውን እየቆለፈ። «አያቱን መርጦ አልተወለደም።»

ዶኛ ኤርሲሊያ ይህንን ሰምተው ዋጡት። ዊልኪን ማንንም ቀና ብሎ አላየም፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ በተላጨው በኩል ቅላቱ ጎልቶ ይታያል።

ቤት ያደረሳቸው ቴዮ ነው። «በዚህ ጉልበት አይሄዱም፣ ይውጡ» ብሎ እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው፤ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ ቀስ አድርጎ ወሰዳቸው። ከጀርባው ሆነው «ይቅር በለኝ» አሉት። «ይቅር ብያለሁ፣ ዶኛ» አላቸው። ከልቡ ነበር።

ቁልፉን ግን ከዚያ ወዲህ አልሰቀለም። ማለዳ ይመጣል፣ ይሠራል፣ ዶሚኖውን ይጫወታል፣ ይስቃል። ቁልፉ በክር አንገቱ ላይ፣ ከሸሚዙ ሥር ነው፤ ልክ እሳቸው የደበቁበት ቦታ። ስቀል የሚለው አንድ ሰው አልተገኘም፤ በምን አፋቸው? ቁልፎቹ ሁሉ ማንጎው ላይ ሲወዛወዙ የቴዮ፣ የሰባት ቁጥር ሚስማር ባዶ ነው።

አንድ ቀን ዶኛ ኤርሲሊያ ዓሣ ገዝተው ከገበያ ሲመለሱ ዝናቡ ወረደ። ሞተረኞቹ እየተሯሯጡ የሁሉንም ሞተር ቆርቆሮው ሥር አስገቡ። ቴዮ ሰው ሸክም አግዞ ገበያው ውስጥ ነበር፤ መሪዋ የተቆለፈው የእሱ ሞተር ብቻዋን ሜዳ ላይ ቀርታ ትደበደባለች። ዶኛ ኤርሲሊያ ዓሣውን ወደ ቅርጫታቸው ገለበጡና ፌስታሉን የሞተሯ መቀመጫ ላይ አልብሰው ዳርና ዳሩን አሰሩት። ከዚያ ማዶ፣ ሱቁ በር ላይ ተጠልለው ቆሙ።

ቴዮ እየሮጠ መጣ። ፌስታሉን አየ፣ አሸተተ፣ ዞር ብሎ ሱቁን ሱቁን ተመለከተ። ፈትቶ ውኃውን አራገፈው፣ በጥንቃቄ አጣጠፈውና ሰባት ቁጥር ሚስማር ላይ ሰቀለላቸው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ ሥር አወጣ፣ ሞተሩን አስነሳና ሄደ።