ከማጽዳት አትመለስም?

«መመሪያ የሚያነብ ሰው ኖሮ ነው?» አለኝ ሊቁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ሊቁ የቢሯችን ፕሮግራመር ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሙገሳ ይመስለዋል። «አስታማሚ» የምንለውን ፕሮግራም ብቻውን ነው የሠራው። አስታማሚ ሥዕል የለው፣ ቁልፍ የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ሲጻፍለት የታመመ ዲስክ ይመረምራል፣ በላዩ ያለውን ወደ ሌላ ይገለብጣል። ሥራውን አልክድም፣ ግሩም ነው። መመሪያው ግን ሰውዬው ለራሱ የጫጫረው ማስታወሻ ነው። እሱን የማቃናት ዕዳ በእኔ ላይ ወደቀና ከጠዋት ጀምሮ ስንነታረክ ዋልን።

«የሚያነብማ አለ» አልኩት። «ትናንት ለእህቴ ባል ሰጥቼዋለሁ።»

የእህቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ዕድሜውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። አምና ጉሮሮው ታመመና ሐኪሞቹ ነፍሱን አትርፈው ድምፁን ወሰዱት። አሁን እህቴን ሲፈልጋት ግድግዳ ይመታል። እህቴ ሆደ ሰፊ ናት፣ አታማርርም። አንድ ቀን ብቻ ዕቃ እያጠበች፣ «ግድግዳው ሲመታ እሄዳለሁ፤ መጠራት ነው የናፈቀኝ» አለችኝ።

ከድምፁ የተረፈው አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቤት ቁጭ ብሎ እየተለማመደ የቀዳው ሁሉ እዚያ አለ፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ዲስኩ ደግሞ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል። እኔ ልሥራልህ ብዬ ብለምነው፣ «የራሴን ድምፅ ራሴ አወጣዋለሁ» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ግትር ነው፤ አስታማሚን ከነመመሪያው ሰጥቼው ወጣሁ።

ከሊቁ ጋር መነታረኩ ሲሰለቸኝ ወደ ገጹ ተመለስኩ። «ምርመራ» የሚለው ክፍል ላይ፣ ዲስኩ በአግባቡ ሳይዘጋ ተነቅሎ ከሆነ ፕሮግራሙ «ዲስኩ ቆሽሿል» እንደሚል ተጽፏል። ከሥሩ የሚቀጥለው ትእዛዝ «አጽዳ» ነው። ማብራሪያው «ዲስኩን ያጸዳል» ይላል፣ አለቀ።

«ይሄ አጽዳ ምንድን ነው የሚሠራው?» አልኩት።

«ያጸዳል።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም ነዋ! ባዶ ያደርገዋል።»

«አንተ ሰው፣ ቆሽሿል ብለኸው ስታበቃ አጽዳ የሚል ቃል ብታስቀምጥለት ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?»

መልሱን ሳልጠብቅ ስልኬን አንስቼ እየደወልኩ ነበር። ጋሼ ንጽሕና ወዳድ ነው፤ አቧራ ያለበት መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ እንኳ አያስቀምጥም። ቆሽሿል ከተባለ ሳያጸዳ እንደማያድር አውቃለሁ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

በስልክ የምንግባባው በምት ነው። አንዴ ጠረጴዛውን ከመታ አዎ፣ ሁለቴ ከመታ አይ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ቆሽሿል አለህ?»

ኳ።

«አጽዳ ብለህ ጻፍክ?»

ኳ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጣበቅኩት። ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል። ዲስኩ እየሠራ ነው። ምን እየሠራ እንደሆነ ግን በድምፁ አይታወቅም።

«የመጨረሻ ጥያቄ አለው» አለ ሊቁ በሹክሹክታ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «‹ከማጽዳት አትመለስም?› ይላል። አዎ ወይም አይ ተብሎ ካልተመለሰለት አይጀምርም።»

«ጋሼ፣ ለጥያቄው መልስ አልሰጠህም አይደል?»

ኳ።

አንድ ምት። አዎ ማለት ነው። ግን አዎ ምን? አዎ አልሰጠሁም ነው ወይስ አዎ ሰጥቻለሁ? ሊቁን የማብጠለጥልበት ጥፋት ከገዛ አፌ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጥያቄውን እንደ ሰው ጠየቅኩ።

«መልስ ሰጥተሃል?»

ኳ።

ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

ኳ።

ሁለት ነው። ወደ ሊቁ ዞርኩ። «የሚያጠፋው አዎ ሲባል ነው አይ ሲባል?»

«አይ ሲባል። ቆይ፣ አዎ ሲባል። አንዴ ኮዱን ልየው።»

«አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

«የጻፍኩትማ እኔ ነኝ» አለ፣ ኮዱን እየከፈተ።

«ጋሼ፣ አዎም አይም እንዳትል! መስኮቱን ብቻ ዝጋው። ዘጋኸው?»

ኳ።

«ዲስኩን በአግባቡ አውጣና ንቀለው።»

ቀጭ ቀጩ ቆመ።

ጋሼ እንዴት ጥያቄው ላይ ሊቆም እንደቻለ የገባን ቆይቶ ነው። መመሪያው መጨረሻ ላይ ማንም ከፍቶት የማያውቅ የአስተያየት ኢሜይል አለ። ሊቁ ሲከፍተው የጋሼ መልእክት ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል።

«ለሚመለከተው ክፍል። ‹ከማጽዳት አትመለስም?› ላለኝ ‹አዎ› ብል አዎ አልመለስም ነው። ‹አይ› ብልም አይ አልመለስም ነው። ታዲያ መመለስ የሚፈልግ ሰው ምን ይበል? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። መልሳችሁን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ሳቄ መጣ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ሊቁ ግን አልሳቀም። ያለ አንዳች ክርክር «አጽዳ»ን ወደ «ደምስስ» ለወጠ። እኔም ከሥሩ «በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ የጠፋው አይመለስም» ብዬ ጻፍኩ። «ቆሽሿል» የሚለውንም አወጣነው፤ የመጨረሻውም ጥያቄ «ሁሉም ይደምሰስ?» ሆነ። «ገልብጥ» ማለት ዲስኩን በጀርባው ማስተኛት እንዳልሆነ ይጻፍ ያለው ራሱ ሊቁ ነው።

ከሥራ እንደወጣን ባዶ ዲስክ ይዘን አብረን ሄድን። ትእዛዙን የጻፈው ጋሼ ነው፣ ማንንም አላስነካም። አሮጌው ዲስክ እያቃሰተ ያለውን ሁሉ ሰጠ። ግልበጣው ሲያልቅ ጋሼ መድረስ አለመድረሱን ለማየት ከፋይሎቹ አንዱን ከፈተ።

ዜና መስሎን ነበር። ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እሜቴ! እስቲ በሩን ዝጊልኝ፣ እየቀዳሁ ነው!»

«አቤት! መጣሁ!» አለች እህቴ ከወጥ ቤት።

ሦስታችንም ባለንበት ደረቅን። እህቴ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች በሩ ላይ ደረሰች። እኔንም ሊቁንም አላየችንም። ያየችው የጋሼን አፍ ነው። አፉ ተዘግቷል።

እዚያው ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባችና በሩን በቀስታ ዘጋችለት።